ወገንተኛው አንባቢ

ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ሳነብ አንድ ችግር አለብኝ፤ ደራሲዋ ክፉ አድርጋ ከሳለችው ሰው ጋር እወግናለሁ። ባለታሪኳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት እንበል። በሯን ዘግታ ታለቅሳለች፣ እናቷ ከበሩ ውጭ ቆማ ትጮሃለች። ሌላው አንባቢ ሁሉ ከልጅቷ ጋር ክፍሉ ውስጥ ገብቶ እንባዋን ያብሳል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከእናትየዋ ጎን ቆሜ «ቆይ፣ መጀመሪያ በሩ ለምን ተዘጋ?» እላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በስለላ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ልጄ በየሳምንቱ ከላይብረሪ ከረጢት ሙሉ መጽሐፍ ተሸክማ ትመጣለች። ማንበቧ ደስ ይለኛል፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመድም በስልክ እጎርርበታለሁ። ምን እንደምታነብ አለማወቄ ግን ይከነክነኝ ጀመር። ሚስቴ «መጽሐፍ ነው እኮ፣ ሲጋራ አይደለም» ትለኛለች። በልጅነቷ ትራሷ ሥር መጽሐፍ ደብቃ ስለማታውቅ እንዲህ ማለቷ አይፈረድባትም። እኔ የደበቅሁትን ስለማውቅ አላመንኩም። አንድ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ሶፋው ላይ የተወችውን አነሣሁ። ጥቂት ገጽ አይቼ ልመልሰው ነበር፤ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን አሁንም እጄ ላይ ነበር። ዛሬ ስለላው ቀርቶ ነገሩ በግልጽ ሆኗል። እሷ ስትጨርስ እኔ እቀበላታለሁ፣ እራት ላይ እንከራከራለን፣ እናቷ «ወጡ ቀዘቀዘ» ትለናለች።

«ያንግ አደልት» በሚባለው የወጣቶች መደርደሪያ ላይ ናይጄሪያ ከኮሪያ፣ ጃማይካ ከሕንድ ተደጋግፈው ቆመዋል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያለው የሕፃናት መጻሕፍት ማዕከል እ.ኤ.አ. የ1985ን ኅትመት ሲቆጥር፣ አሜሪካ ውስጥ ከወጡት 2,500 ገደማ የልጆች መጻሕፍት መካከል የጥቁር አሜሪካውያን ሥራ የሆኑት 18 ብቻ ነበሩ። ይህን ለልጄ ስነግራት «በወር?» ነው ያለችኝ። ነገሩ ቀስ እያለ ሄዶ በ2014 ደራስያኑ ራሳቸው «የተለያየ ሰው ያለበት መጽሐፍ እንፈልጋለን» ብለው ዘመቻ ጀመሩ። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ ምሁር ደግሞ ቀደም ብለው በ1990፣ መጽሐፍ ለልጅ ሌላውን የሚያይበት መስኮትም፣ ራሱን የሚያይበት መስታወትም መሆን አለበት ብለው ጽፈው ነበር፤ አባባሉ ዛሬ በየመምህሩ አፍ ላይ ነው። ልጄ መስታወቷን ፍለጋ ወደዚያ መደርደሪያ ሄደች። መልኬን ያየሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም ሃርለም በምትኖር በአንዲት የዶሚኒካን እናት ላይ።

ይህች እናት አልታግራሲያ ትባላለች። ያለችው ኤሊዛቤት አሴቬዶ በጻፈችው «ዘ ፖኤት ኤክስ» ውስጥ ነው። መጽሐፉ በ2018 ወጥቶ ናሽናል ቡክ አዋርድን ያሸነፈ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር በግጥም የተጻፈ ነው፤ እኔም ገጹ ግማሽ በግማሽ ባዶ መሆኑን አይቼ «ይሄስ ቶሎ ያልቃል» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ባለታሪኳ ሲዮማራ የአልታግራሲያ ልጅ ናት። እናትየዋ በወጣትነቷ የፈለገችው መመንኮስ ነበር፤ ዘመድ አዝማድ ግን ወደ አሜሪካ ለሚወስዳት ሰው ዳራት። ገዳም መግባት ቢቀርባት ቤቷን ገዳም ለማድረግ ቆርጣ ተነሥታለች። ልጅቷ ከሃይማኖት ትምህርት ቀርታ የግጥም ክበብ ትሄዳለች። ይባስ ብላ አማን ከሚባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር ባቡር ውስጥ ስትሳሳም እናት ሆዬ በዓይኗ በብረቱ ታያለች። ከዚያማ እየጎተተች ወስዳ በእመቤታችን ምስል ፊት ታንበረክካታለች።

ልጄ እዚህ ገጽ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ዘግታ «ይሄ ቻይልድ አቢዩዝ ነው» አለች። እኔ ደግሞ እዚሁ ገጽ ላይ ያደግሁበት ቤት ገባሁ። ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ፊት ወደ ግድግዳ፣ ጉልበት ሲሚንቶ ላይ፤ ከኋላዬ እናቴ ቡና ትቆላለች፣ ጭሱ እየመጣ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ማስነጠስም ፈቃድ ይጠይቃል። ቅጣቱ ሰዓት የለውም፤ የሚያበቃው ጎረቤታችን እማማ ለቡና ሲመጡ ነው። እማማ ገና ከደጅ «ውይ፣ ምን አድርጎ ነው ዛሬ ደግሞ? በሞቴ፣ ለእኔ ስትዪ!» ይላሉ። እናቴ «ተዪው፣ አታውቂውም» ብላ ለወጉ ትግደረደራለች። ሁለተኛ በሞቴ ይባላል። እነሣለሁ፣ የእማማን ጉልበት እስማለሁ፣ ጉዳዩ ይዘጋል። እናቴም ቢሆን እኔን ለመማር እማማን ትጠብቅ እንደነበር የገባኝ አድጌ ነው። ስኒው አስቀድሞ ተደርድሮ ነበርና።

ሲዮማራ የጎደላት ይህ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ በያዘ ሕንጻ ውስጥ አንድ «በሞቴ» የሚል ሰው የለም። «እማማ ሃርለም ቢኖሩ ኖሮ ይህ መጽሐፍ ሃምሳ ገጽ ያጥር ነበር» አልኳት ልጄን። «አባዬ፣ ነጥቡ እሱ አይደለም» አለችኝ። አሁንም ነጥቡ እሱ ይመስለኛል።

ለአልታግራሲያ ጥብቅና መቆሜ የቀጠለው የልጅቷን የግጥም ደብተር አግኝታ እስክታቃጥለው ድረስ ነው። እዚያ ላይ ደንበኛዬን ትቼ ከችሎቱ ወጣሁ። ልጅን ማንበርከክ አውቃለሁ፤ የልጅን ጽሑፍ እሳት ውስጥ መጨመር ግን የትም አገር ቢሆን ይቅርታ ለመጠየቅ የሚያስቸግር ነገር ነው። ታዲያ መጨረሻ ላይ ማን መጥቶ ያስታረቃቸው መሰላችሁ? ቄሱ! ፋዘር ሾን እናትና ልጅን ቁጭ አድርገው ያነጋግራሉ። ሚስቴን ከማድ ቤት ጠርቼ «ነይ እይ፣ የነፍስ አባት ገቡ» አልኳት። እሷም እጇን እየጠረገች መጥታ እንደ ምሥራች ሰማችው።

ሚስቴ ራሷ አታነብም፤ ተነግሯት ነው የምትሰማው። ያም ሆኖ ከሁላችን በላይ ስሜቷን የምትሰጠው እሷ ናት። የኒኮላ ዩንን «ዘ ሰን ኢዝ ኦልሶ ኤ ስታር» ሳወራላት ቤታችን ሰንበቴ የወጡ ሴቶች ቡና ሊጠጡ ተሰብስበው ነበር። ታሪኩ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። ናታሻ የምትባል የጃማይካ ልጅ ወረቀት የላትም። አባቷ ጠጥቶ ሲነዳ ይያዝና ወረቀት እንደሌላቸው ለፖሊሱ ራሱ ይናገራል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ማታውኑ ዲፖርት ሊደረግ ነው። ልጅቷ በዚያች የመጨረሻ ቀን ከዳንኤል ጋር ትገናኛለች። የኮሪያ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ለዬል ዩኒቨርሲቲ ቃለ መጠይቅ ልከውታል፤ ሐኪም እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ እሱ ገጣሚ መሆን ያምረዋል። ደራሲዋ የጻፈችው ፍቅር ነው። ቡና ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ግን ፍቅሩን አልፈውት ሄዱ።

«አባትየው ለፖሊስ ለምን ተናገረ? ማን ጠየቀው?»

«ጠበቃ አልያዙም?»

ይዘዋል አልኩ። ጠበቃው ግን ከረዳቱ ጋር ፍቅር ይዞት ዳኛውን ሳያገኝ ቀረ።

ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡበት። ኬዟን ከእሱ ላይ ማንሣት አለባት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጎበዝ ሴት ጠበቃ አውቃለሁ፣ ስልኳን ልስጣችሁ ያለችም አለች። አንዷ ለእንግዳ የሚሆን ሐዘን ፊቷ ላይ አድርጋ «የማን ልጅ ናት? ጎፈንድሚ ተከፍቶላታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልብ ወለድ መሆኗን ሳስረዳ ሚስቴ ተቆጣች፤ «ልብ ወለድስ ብትሆን ጠበቃ አያስፈልጋትም?» አለች። ሐያስያን ስለ አንባቢ ርኅራኄ ምን ብለው እንደጻፉ አላነበብኩም፣ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ ይላሉ ብዬ አልጠብቅም።

ዳንኤልን በተመለከተ፣ ይማርና ሐኪም ይሁን፤ ግጥሙን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጻፍ። ይህን በማለቴ ልጄ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

በአቋሜ የሚስማማልኝ ባለታሪክ እስካሁን ያገኘሁት አንድ ነው፤ የሳንድያ ሜነን ሪሺ። «ዌን ዲምፕል ሜት ሪሺ» ውስጥ ወላጆች ተመካክረው ሁለቱን ልጆች አንድ የክረምት ሥልጠና ላይ ያገናኟቸዋል፤ ሪሺ ያውቃል፣ ዲምፕል አታውቅም። ልጁ ገና ሲያያት የወደፊት ሚስቴ ብሎ ሰላም ሲላት በረዶ ቡናዋን ትደፋበታለች። ቡና መድፋቷ ያሳዝናል። ሪሺ ግን ወላጆቹን ያከብራል፣ ቀጠሮ ያከብራል፣ ኤምአይቲ ሊገባ ነው። ይህ ልጅ ሽማግሌ ቢልክ እንደምቀበል ተናገርኩ። ልጄ የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ስለ አስማት መንግሥታት የሚተርኩትን ቶሎ ልለፋቸው። የቶሚ አዴዬሚን «ቺልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» ስከፍት መጀመሪያ ካርታ መጣብኝ፤ ካርታ ያለበት ልብ ወለድ ደግሞ ፈተና ይመስለኛል። ሰው የሚጋልበው ትልቅ አንበሳ አለ፣ ደስ ይላል። ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ልጄ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን የኦሪሻን ንጉሣዊ ቤተሰብ ሽኩቻ በዝርዝር ትተርክልኛለች፤ ስለ ዘመነ መሳፍንት ስጠይቃት «ፊልም አለው?» ትለኛለች።

«ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ላይ ግን ጨዋታው አቆመ። አንጂ ቶማስ በ2017 ያወጣችው ነው። ስታር የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከግብዣ ስትመለስ መኪና የሚነዳውን ጓደኛዋን ካሊልን ፖሊስ ያስቆመዋል፤ ይገድለዋልም። ፖሊሱ ሽጉጥ ነው ያለው የጸጉር ብሩሽ ሆኖ ይገኛል። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ስታር አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ወላጆቿ ፖሊስ ቢያስቆማት ምን ማድረግ እንዳለባት አስቀምጠው መክረዋታል፤ እጅሽ ይታይ፣ ድንገት አትንቀሳቀሺ።

እኛ ለልጆቻችን የምንመክረው ትምህርት ነው፣ ቀጥሎ ትምህርት፣ ከተረፈ ጊዜ ጾም። ፖሊስን በተመለከተ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው እምነት አለን፤ እኛ ስደተኛ ነን፣ ሥራችን ላይ ነን፣ አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን። እኔ እንኳ ሲያስቆሙኝ አፌን ስከፍት የመጣሁበት አገር ይታወቃል። ልጄ አፏን ስትከፍት የሚሰማው የሜሪላንድ ልጅ ነው። መንገድ ላይ በሌሊት ደግሞ አፍ እስኪከፈት የሚጠብቅ ላይኖር ይችላል። ይህ መጽሐፍ ቤታችን እስኪገባ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

የመለማመጃ ፈቃዷን ባወጣች ሰሞን የቆመ መኪና ውስጥ አብረን ተቀመጥን። እጅ መሪው ላይ፣ ሁለቱም። ኢንሹራንሱ የት እንዳለ መጀመሪያ በአፍ ይነገራል፣ ከዚያ ነው እጅ የሚንቀሳቀሰው። ስልክ አይነካም። እኔ ፖሊስ ሆንኩ፣ መስኮቱን አንኳኳሁ፤ ፖሊስ መሆኑን ግን አልቻልኩበትም፣ «እንደምን አመሸሽ» ብዬ ጀመርኩ። እሷ አልሳቀችም። «አባዬ፣ ስታር እኮ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው የተነገራት» አለችኝ። ደግመን ከመጀመሪያው ጀመርን።

የስታር አባት ማቨሪክ ከሁሉም አባቶች የሚቀርበኝ ነው። ሱቅ አለው፣ ጓሮው ውስጥ ጽጌረዳ ይኮተኩታል፤ እኔም በረንዳዬ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ አለኝ፣ በክረምት ብርድ ልብስ የማለብሰው። የማቨሪክ ልጅ ነጭ የወንድ ጓደኛ ይዛ ኖሯል፤ ቤተሰቡ ያውቃል፣ አባት ሆዬ መጨረሻ ይሰማል። ይህን ሳነብ ቀና ብዬ ሚስቴን አየኋት፤ እሷ ቴሌቪዥን እያየች ነበር፤ ከመጠን በላይ በትኩረት።

አንድ ቀን ልጄ «የእኛስ የታለ?» አለች። ፈልጌ ያመጣሁላት ቤንጃሚን ዘፋንያ በ2001 ያወጣውን «ሬፊውጂ ቦይ» ነው። ዘፋንያ በርሚንግሃም ተወልዶ ያደገ የካሪቢያን ስደተኞች ልጅ እንጂ ሐበሻ አይደለም። ባለታሪኩ ዓለም ግን አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ሁለቱ አገሮች ጦር ሲማዘዙ እዚህም እዚያም ወታደር በር ሰብሮ ይገባል፤ እዚህ ኤርትራዊ፣ እዚያ ኢትዮጵያዊ ይባላሉ። ስለ እኛ የተጻፈን ነገር ሐበሻ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው የሚያነበው፤ ስሙ እንዲህ አይባልም፣ ምግቡ እንዲህ አይበላም እያለ። እኔም እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አባትየው ልጁን ለሽርሽር ነው ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል። ዳቼት በምትባል ከለንደን ወጣ ያለች መንደር ሆቴል ውስጥ ያድራሉ። ጠዋት ልጁ ሲነሣ አባቱ የለም። ደብዳቤ አለ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ወገን ተለዋወጥን። አባትየው ላይ ስድብ አወረድኩ። ልጅ ሆቴል ትቶ ይኬዳል? ቀስቅሶ አይነግረውም? ልጄ ደግሞ፣ እስከዚያ ቀን ለአንድ ወላጅ ተሟግታ የማታውቀዋ፣ «ሊያድነው እኮ ነው! ቢነግረው አልቀርም ይለው ነበር» ብላ ተነሣች። ወላጅን ለመረዳት የመጀመሪያ ሙከራዋ ስለነበር ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ለምን እንደተናደድኩ ሚስቴ ናት የነገረችኝ፤ «አንተ ብትሆን ታደርገው እንደሆነ እያሰብክ ነው» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። ይህን መጽሐፍ በ2013 ለመድረክ ያበጀው ለምን ሲሳይ ነው፤ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ እንግሊዝ ውስጥ በአሳዳጊ ቤተሰብና በልጆች ማሳደጊያ ያደገው ገጣሚ። ለዚህ ሥራ ከእሱ ሌላ ሰው መፈለግ ከንቱ ልፋት በሆነ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ፍርሃት አደረብኝ። ሁልጊዜ ከወላጅ ጋር ከወገንኩ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሁን ደግሜ ባነበው የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ትክክል ሆነው ቢገኙብኝስ? በልጅነቴ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ፍቅር ያፈሰስኩት እንባ ውሸት ሊሆን ነው። ረጅም መንገድ ስንጓዝ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ መኪና ውስጥ ከፈትኩት። ልጄ አማርኛው ሲከብዳት እኔ ባጭሩ እያስረዳሁ ሄድን።

ተመስገን፣ ፊታውራሪ አልሆኑልኝም። ልጃቸውን የሚመጥን ዘር ያለው ሰው ጠፋ እያሉ ዕድሜዋን ሲያሳልፉ ያኔም አናድደውኝ ነበር፣ አሁንም አናደዱኝ። አልታግራሲያ ልጇን የምታየው በፍርሃት ነው፣ ማቨሪክም እንዲሁ፤ ፊታውራሪ ግን የሚያዩት አጥንታቸውን ነው፣ ልጅቷን አይደለም። ልጄ በበኩሏ ጉዱ ካሳን ወደደችው። ሰብለ ወንጌል እንደ መነኩሴ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ስትጠፋ መቀመጫዋ ላይ ቀጥ ብላ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ያንግ አደልት ነው!» አለች። በ1958 ዓ.ም. ለታተመ መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ ከእሷ ዘመን አይጠበቅም።

አሁን ራሷ መጻፍ ጀምራለች። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የሐበሻ ልጅ ናት ባለታሪኳ። ያነበብናቸውን ሁሉ አገናዝቤ አንድ ነገር ስላሰጋኝ፣ ማለትም በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የወላጅ ዕድሜ አጭር ስለሆነ፣ የሌላ መጽሐፍ ባለታሪክ የላራ ጂን እናት ታሪኩ ሳይጀመር የሞተች ስለሆነች፣ የኦሪሻዋ የዜሊም እናት እንዲሁ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«አባትየውስ?»

«ምዕራፍ አንድ ላይ ይሞታል።»

«በምን?»

«ገና አልወሰንኩም።»

እናቷ ከማድ ቤት «እኔስ?» አለች።

«አንቺ ትኖሪያለሽ እማዬ። ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው ያስፈልገኛል።»

ተደራድረን የአባትየውን ዕድሜ እስከ ምዕራፍ ሦስት አስረዝሜዋለሁ። በምላሹ ማታ አራት ሰዓት ላይ ዋይፋይ መዝጋቴን ትቻለሁ።